ሦስትና ሦስት ሳጥን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጻፊ። እኔ ዘነበ ጅግሶ፣ ልብስ ሰፊ። የተወለድኩት ቡሌ፣ ደጋው ላይ። ዲላ ከገባሁ ሃምሳ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የምትጽፈው ሱራያ ናት። በእሷ የፎቶ ኮፒ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው መኪናዬን አስቀምጬ የምሰፋው። ወረቀት ላይ ዓይኔ ስለሚደክም እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ከአፌ የወጣውን ብቻ፣ ምንም ሳትጨምሪ።

ደብተሩን የሰጠኝ መምህር ወንድይራድ ነው። መምህሩ በየቅዳሜው መስቀለኛ ያወጣል። ፍንጭ ይሰጣል፣ የሳጥኑን ቁጥር ይናገራል፣ ቃሉን አንተ ታመጣለህ፤ አንዱ አግድም፣ አንዱ ቁልቁል። ፍንጩ እንደ ቅኔ ነው፤ ላዩ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ። ሱራያ ታባዛዋለች፣ ሚክዳድ ሻይ ቤቱ ውስጥ ይለጥፈዋል፣ ወንዱ ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ ራሱን ሲያክ ይሰነብታል። እኔን የቀደመኝ የለም። ይኼን በትልቁ ጻፊ።

ትናንት ወደ ሐዋሳ ሄደ፣ ጉሮሮውን ሊቀደድ። ድምፁ እንደ ዶለዶመ መቀስ ሆኖ ነበር። የአራት ቅዳሜ ወረቀት ለሱራያ ትቶ፣ ለእኔ ይኼን ደብተር ሰጠኝ። «ፈቺ አላጣሁም፣ የጠፋው ፍቺውን የሚናገር ነው። መልሱን ተወው፤ እንዴት እንደደረስክበት አስጽፍ» አለኝ። ጻፍ ማለት ሲገባው አስጽፍ አለ። ዕድሜ ልኩን ቋንቋ ያስተማረ ሰው! ሕመሙ ነው ብዬ አለፍኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ቸኩያለሁ። ከኢዲዶ የመጡ ሴቶች ለቡና ለቀማ የሸራ ሽርጥ አዝዘው እላዬ ላይ ቆመዋል።

አግድም 4፤ «ይኼ ሜዳ ሱሪዬን ጠገነልኝ»፤ ሁለት ሳጥን። መልሱ ሰፊ። አፍ ላይ ሲጠብቅ ሜዳው ነው፣ ሲላላ እኔ ነኝ። ደበበ፣ ያ ጡረታ የወጣው ጸሐፊ፣ «ሜዳ ምን ሱሪ ይጠግናል? መምህሩን ሕመሙ አናቱ ላይ ወጥቶበታል» እያለ ሲያሾፍ ነበር። ስነግረው ሻዩ ትን አለው። ወረቀት ላይ ያፈጠጠ ሰው ይኼን አያገኘውም። ወረቀት አይጠብቅ፣ አይላላ።

ሴቶቹ ተቆጡ። በቃ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። የሱራያ ማሽን ሞቶ ተቀምጧል። የእኔ በእግር ነው የምትሄደው፣ ማንንም አትለምን። ሱራያ ሥራ ስለፈታች ዛሬ ረዘም እናደርጋለን።

ሳጥን እንዴት እንደምቆጥር ልናገር። አንድ ፊደል አንድ ሳጥን ነው። ቃሉን እንደ ክር ቀስ አድርጌ እጎትተዋለሁ። ምላስና ከንፈር አዲስ ቦታ በያዙ ቁጥር በአውራ ጣቴ አንድ የጣት አንጓ እነካለሁ። የምቆጥረው በጌዴኦኛ ነው፤ ሚቴ፣ ላሜ፣ ሳሴ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እናቴ የሰጠችኝ ቁጥር አሳስቶኝ አያውቅም። መጀመሪያ ላይ የጠበቀውን ሁለት እያልኩ ስንት ቃል አበላሸሁ። «የጠበቀም የላላም ቤቱ አንድ ነው» ብሎ ያስተካከለኝ መምህሩ ነው።

ሱራያ «ጋሼ፣ ይኼን ያህል ከምትደክም ወረቀቱን ብታየው አይቀልም?» ትለኛለች። ዓይኔ ይደክማል አልኩሽ እኮ። «መርፌ ስትሰካስ?» መርፌ ሌላ ነው።

ይኸው የዓይን ነገር ከተነሳ ልንገር። የዛሬ አራት ዓመት ሻይ ቤት ነበርን። አንዱ አግድም፣ አንዱ ቁልቁል፤ ሁለቱ ቃሎች የሚገናኙበት ሳጥን ላይ ሰ ነው አልኩ። መምህሩ በሰው ፊት «የትኛው ሰ? እሳቱ ነው ንጉሡ?» አለኝ። «ሰ ያው ሰ ነው፣ ስንት ሰ አለ?» አልኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ደበበማ ጠረጴዛ እየደበደበ «ጋሽ ዘነበ ሰ ወንድም እንዳለው አልሰሙም!» አለ። መነጽሬ ተሰብሮ ነው ብዬ ወጣሁ። በማግስቱ ሲመሽ መምህሩ በረንዳው ላይ መጣ። ጨለምለም ብሏል፣ እኔ ጥቁር ክር በአንድ ጊዜ መርፌ ውስጥ ስሰካ ደረሰ። መርፌውን አየ፣ እኔን አየ፣ ፈገግ አለ። ምን እንዳሳቀው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ኮቱን አሳጠረና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ በረንዳው ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ ያነበው ጀመር። ያረጀ አስተማሪ የገዛ ድምፁን መስማት ይወዳል።

ደግሞ ማንም ምንም እንዳይል፣ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት አለኝ። ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። ለትምህርቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሁለት ሱሪ ሰፍቼለት የሰጠኝ ነው። ይኼኛውን አትጻፊው። አልጻፍሽውም አይደል? ጎሽ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

መምህሩ ትናንት ተመለሰ። ጉሮሮው ተቀዷል። ድምፅ የለውም፣ ከእንግዲህም አይኖረውም አሉ። ትንሽ ደብተር ይዞ በእርሳስ እየጻፈ ለሰው ያሳያል። ሰው ያነብና በአፉ ይመልስለታል። ሚክዳድ ሄዶ ጠይቆት መጣ። «ጨዋታው እንዳለ ነው፤ እየጻፈ ሲያስቀን ዋለ» አለ።

እኔ ሥራ በዝቶብኛል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ትናንት ሄድኩ። ለምን አልሄደም እንዳይባል።

መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ነበር። ከስቷል። ኮቱ በየጎኑ አራት ጣት ይተርፈዋል፣ መግባት አለበት። ሲያየኝ ተነሳ፣ እጄን ይዞ አለቅም አለ። ከዚያ ደብተሩን አወጣ። ብዙ አልጻፈም። ቀደደና ዘረጋልኝ።

ሳላየው አጠፍኩት። ደግሜ አጠፍኩት። «መነጽሬን ረስቼ» አልኩ። ሚስቱ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ «ስጠኝ፣ እኔ ላንብብልህ» ብላ እጇን ስትዘረጋ መምህሩ እጇን ያዘባት። ለእሱ ብቻ ነው ማለቱ ነው። ሁለቱም ያዩኛል። እሱ ወረቀቱን ክፈተው ይላል በጣቱ፣ ክፈተው። «ቤት ገብቼ አየዋለሁ» ብዬ ወጣሁ። የቀረበልኝን እንኳ አልቀመስኩም።

ወረቀቱ መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከቁልፎቹ ሥር ነው። ሱራያ «ላንብበው?» አለች። የገዛ ሚስቱ እንዳታየው የከለከለውን አንቺ ልታዪው? አልኳት። ምክንያቴም ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ቁልቁል 2፤ «ሥራውን የጨረሰ ሰው፤ ወሬው ሲሰማ ያስለቅሳል»፤ ሦስት ሳጥን።

መልሱን አውቃለሁ። አልናገርም። ደበበ ተናግሮ ዛሬስ ቀደምኩት ብሏል፤ ይበል። ሱራያ፣ ሦስት ሳጥን ሥሪና ባዶውን ተዪው።

□ □ □

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ መጣች። ወንበር ሰጥቻት አልተቀመጠችም።

«ዘነበ፣ ሠላሳ ዓመት ከማዕዴ የበላህ ሰው ነህ» አለችኝ። «በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይላል። አንተ አይደለህም። ቁስሉን ተጸይፈህ ነው? ጠረኑን ነው? ንገረኝና ልወቀው።»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ የቡና ወቅት አይደል…»

«መርፌህ ይውጋህ» ብላኝ ሄደች።

ሱራያ ወረቀት ታስተካክላለች፣ ቀና ብላ አላየችኝም። የተስተካከለውን ወረቀት መልሳ ታስተካክለዋለች።

የምጸየፍ ሰው አይደለሁም። የአባቴን ቁስል ሁለት ዓመት አጥቤያለሁ። ግን ሄጄ ምን ልሁን? ይጽፍልኛል፣ ይዘረጋልኛል። ስንቴ መነጽር ይረሳል?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ትቶት የሄደው ወረቀት አልቆ አዲስ ሠርቷል። ሚስቱ አድርሳ ለሱራያ ሰጠች። ለእኔ ሰላምታ የለም።

አግድም 1፤ «ቀና ብሎ ወደ ኋላ ሲመለስ ሰው አሳነሰ»፤ ሁለት ሳጥን። ኮት እንደ መገልበጥ ነው። ቀና የሚለውን ከኋላ ወደ ፊት ገልብጪው፤ ናቀ ይሆናል። ቀና ቀና ያለ ሰው ሲገለበጥ ውስጡ ንቀት ነው።

ይኼ ለእኔ የተላከ ነው። ናቅኸኝ ይለኛል።

ሱራያ «ጋሼ፣ መስቀለኛ እኮ ነው፤ ለሁሉም ነው የተላከው» አለች። እኔ ቆሜ የፈታሁትን ሌላው በአራተኛው ቀን ነው የሚፈታው። ለማን እንደተላከ እዚህ ላይ ይታያል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

የሚካኤል ዕለት መምህሩ ቤት ሰው ይጠራል። ደጃፉ ድረስ ሄድኩ። በመስኮቱ ይሰማል፤ ጸጥ ይላሉ፣ እየጻፈ ነው ማለት ነው፤ ከዚያ አንዱ ያነባል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይስቃሉ። እንደገና ጸጥ።

ተመለስኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

መብራት የለም። ሱራያ መምህሩ በእጁ የሠራቸውን ዋና ወረቀቶች፣ ስታባዛ ያስቀመጠቻቸውን፣ ካርቶኑን ሙሉ አውጥታ ስታገላብጥ አረፈደች። ከዚያ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትቆጣም?» አለች።

«እቆጣለሁ። ንገሪኝ።»

«መጀመሪያ ዓመት ላይ እነዚህ መንታ ፊደሎች፣ ሁለቱ ሰ፣ ሦስቱ ሀ፣ ሁለቱ ጸ፣ በየመገናኛው ላይ ሞልተዋል። የትኛው እንደሆነ ያላወቀ አይፈታውም። አንተ ‹ሰ ያው ሰ ነው› ካልክባት ቅዳሜ ወዲህ ግን የሉም።»

«ምኑ የለም?»

«መገናኛ ሳጥን ላይ አንድም መንታ ፊደል የለም። ሁለት መቶ ወረቀት ገደማ ነው፣ ጋሼ። አንድም!»

«በአጋጣሚ ነው።»

«ሰ መገናኛ ላይ የማይወድቅበት አማርኛ በአጋጣሚ ይገኛል? ይኼን ለመሥራት ሰውየው ስንት ሌሊት…»

በቃሽ አልኳት። ይኼ ምን ማለት ነው? ምንም ማለት አይደለም። ሰውየው አርጅቷል፣ ቀላል ቀላሉን መረጠ። ጻፊ፤ ምንም ማለት አይደለም።

ከሰዓት በኋላ የአንድ ሱሪ አንደኛውን እግር ገልብጬ ሰፋሁት። ፈትቼ ስሰፋው ደግሜ ገለበጥኩት። በዕድሜዬ እንዲህ ሠርቼ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

ወረቀቱ ዘጠኝ ቃል ብቻ ነው። መስመሩ ይንቀጠቀጣል ትላለች ሱራያ።

አግድም 3፤ «ጎጆ ሮጦ ገባ፤ መሃል ያለው ሳያነብ ያውቃል»፤ ሁለት ሳጥን። ጎጆ ሮጦ የሚለውን ሳትለያዪ በይው፤ ጎ፣ ጆ፣ ሮ፣ ጦ። እንደ ጨርቅ ሁለቱን ጠርዝ ቁረጪ። መሃል የቀረው ጆሮ ነው። ሱራያ አንብባ ሳትጨርስ ነው የፈታሁት።

ደበበ «ጆሮ ይሰማል እንጂ ማንበብን ምን አመጣው? ፍንጩ ተበላሽቷል» ብሎ ተከራከረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አፉን አስይዘው ነበር። ዛሬ ወደ መርፌዬ ተመለስኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 30

መምህሩ ምግብ አቁሟል አሉ።

መሳቢያውን ከፈትኩ። ቁልፎቹን አነሳሁና ወረቀቱን አወጣሁ። ሠላሳ ስድስት ቀን ታጥፎ ተቀምጧል። ሱራያን ሳልጠራ ገለጥኩት።

ፊደል የለበትም። አንድም የለበትም። ሦስት ሳጥን፣ ትንሽ ክፍት ቦታ፣ ደግሞ ሦስት ሳጥን። ባዶ።

ሳጥን መቁጠር እችላለሁ። ያን ቀን እዚያው ፊቱ ብገልጠው እቆጥረው ነበር። እሱም ይኼን ያውቅ ነበር፣ ክፈተው ክፈተው ይል የነበረው ለዚህ ነው። እኔ እባብ እንደያዘ ሰው አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

«ሱራያ፣ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም ጋሼ። ሳጥን ነው።»

«ፍንጩስ?»

«ፍንጭ የለውም።»

ፍንጭ የሌለው መስቀለኛ አይቼ አላውቅም። ነገ እሄዳለሁ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

ሱራያ ይኼን ለመጻፍ ሱቋን ዘግታለች። ደንበኛ በሩን ቢደበድብም አንከፍትም።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ በሩን ከፈተችልኝ እንጂ ግባ አላለችኝም። መምህሩ ተኝቷል። ትራስ ደገፍ አድርጎታል። አጠገቡ ቁጭ አልኩና ወረቀቱን ደረቱ ላይ ዘረጋሁት።

«ፊደል ቢሆን ኖሮ አላነበውም ነበር» አልኩት። «ማንበብ አልችልም። ችዬም አላውቅም። መነጽርም ኖሮኝ አያውቅም።»

ሚስቱ ከኋላዬ ቆማ ሰማች። የሰማ ይስማ።

ደብተሩን ይፈልጋል ብዬ ነበር። አልፈለገውም። እጄን ያዘና መዳፌን ወደ ላይ ገለበጠ። በጣቱ ነካ ነካ አደረገኝ። ሚቴ፣ ላሜ፣ ሳሴ። ቆመ። ደግሞ፤ ሚቴ፣ ላሜ፣ ሳሴ። ያው የወረቀቱ ሳጥን ነው።

እኔም አሰብኩ። «ይቅር በለኝ?» አልኩት። ይ፣ ቅ፣ ር፤ በ፣ ለ፣ ኝ። ልክክ ብሎ ይገባል። ግን እሱ ምን በድሎኝ ይቅርታ ይጠይቀኛል? ሻይ ቤት ያሳቀብኝን ይሆን? አይደለም ብሎ ራሱን ወዘወዘ።

ሌላ ባስብ አልመጣልኝም። በዚህ ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸነፍኩ፣ «ፍንጭ ስጠኝ» አልኩ። ሁለት እጁን በጭንቅ አነሳ። ጣቶቹን አገጣጠመ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ። የሌለ ክር በሌለ መርፌ ውስጥ ሰካ፣ ጎትቶም አሳለፈው። ከዚያ ፈገግ አለ፤ ያችኑ የበረንዳዋን ፈገግታ።

«አውቅ ነበር» አልኩ።

አ፣ ው፣ ቅ። ነ፣ በ፣ ር። መዳፌን ጨበጠው።

አራት ዓመት። ቆሞ ጮክ ብሎ ያነበበልኝ ሁሉ። አስጽፍ ያለኝ። ሁለት መቶው ወረቀት። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ወደ ጓዳ ገባች፣ ብዙ ቆየች። ስትመለስ ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋችልኝ።

አንድ ነገር ቀርቷል፣ ይጻፍ። ለአንድ ባዶ ቦታ ሁለት መልስ እኩል ገጠመ። አንዱ የእሱ ነበር። ሌላው፣ ያ መጀመሪያ ያልኩት፣ ስህተት አልነበረም፤ የተሳሳትኩት ተናጋሪውን ነው፤ የእኔ ነበር። ጎንበስ ብዬ በጆሮው አልኩት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9

በየቀኑ እሄዳለሁ። መዳፌ ላይ ይነካል፣ እኔ እፈታለሁ። ሌላው ሰው ቢያየን ዝም ብለው እጅ ለእጅ የተያያዙ ሁለት ሽማግሌዎች ነው የሚመስለው።

የምስክር ወረቀቱን ከግድግዳ አወረድኩት። ጠንካራ ወረቀት ነው። ገልብጬ የኮቱን ልክ ቆረጥኩበትና ኮቱን በየጎኑ አራት ጣት አስገባሁለት። ትናንት አለበስኩት። ሁለት ነካና ኮቱን አሳየኝ። «ሰፊ» አልኩ። «ጠብቆ ነው ላልቶ?» ስለው ያለ ድምፅ ሲስቅ አልጋው ተንቀጠቀጠ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 17

ማክሰኞ ቀበርነው። ዛሬ ሠልስቱ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ደበበ ወረቀት ይዞ መጣ። መምህሩ ጀምሮት የነበረ፣ ያላለቀ መስቀለኛ ነው፤ ትራሱ ሥር ተገኘ። «ጋሽ ዘነበ፣ ወዳጁ አንተ ነህ፤ አንብብልን» ብሎ በሰው ሁሉ ፊት ዘረጋልኝ። የሻይ ቤቱ ሰው በሙሉ እዚያ ነበር።

ተቀበልኩት። ገለጥኩት። አየሁት። ከዚያ መለስኩለት።

«ማንበብ አልችልም» አልኩ። «አንተ አንብብ፣ እኔ እፈታለሁ።»

የሚስቅ ከሆነ ብዬ ፊቱን አየሁት። አልሳቀም። ሌላም ሰው አልሳቀም። ደበበ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጠ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ጮክ ብሎ ቀስ እያለ ማንበብ ጀመረ። ልክ መምህሩ ያነብልኝ እንደነበረው። አምስት ፍንጭ ነበር። አምስቱንም ፈታሁ። መሃል ላይ ድምፁ ሰለለ፤ ጠበቅሁት።

ሱራያ፣ አሁን ወደ ኋላ ገልብጪ። ጥቅምት 30 ላይ ነይ። ባዶ የተውናቸው ሦስት ሳጥኖች አሉ። ሙያቸው። አደራው ፍቺ ነውና ፍቺውንም ጻፊ፤ ሰሙ ሥራውን ጨርሶ ጎኑን ያሳረፈ ሰው ነው። ወርቁን ከትናንት ወዲያ ቀብረነዋል።

አ፣ ረ፣ ፈ።